ኮምፒውተራችሁ በአራት ዓመት አይሞትም፦ ስለተበየደ ማከማቻ ለተጻፈው ምላሽ

ማከማቻው ማዘርቦርድ ላይ የተበየደ ኮምፒውተር ከሦስት እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መሞቱ አይቀርም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙዎች ሲቀባበሉት ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላኩልኝ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም የጠየቁኝ ያንኑ ነው፦ «ላፕቶፔን ልሽጠው ወይ?» ጸሐፊው ብዙ የደከሙበት መሆኑ ከጽሑፉ ይታያል፤ ያነሡት ጉዳይም ሊነሣ የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የቆመበት ስሌት የተሳሳተ፣ ከስሌቱ የተነሡት ምክሮችም ከሚጠቅሙት ይልቅ የሚጎዱት የሚበልጥ ሆኖ ስላገኘሁት በየነጥቡ ልመልስ።

በመጀመሪያ ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። በማከማቻው ውስጥ መረጃ የሚይዘው ጥቃቅን ክፍል፣ የፍላሽ ሴል የሚባለው፣ የሚጻፍበትና የሚሰረዝበት ጊዜ የተቆጠረ ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ቲኤልሲ የተባለው ዓይነት የሚችለው 1,000 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሚጽፍ ኮምፒውተር ቶሎ ይጨርሰዋል ይላሉ። ራሙ (የጊዜያዊ ሥራ ማኅደሩ) አነስተኛ የሆነ ኮምፒውተር ደግሞ ማከማቻውን በራም ምትክ ስለሚጠቀምበት፣ ይህም ስዋፕ ስለሚባል፣ ዕድሜው የባሰ ያጥራል፤ ለዚህም በ2021 በአፕል ኤም1 ኮምፒውተሮች ማከማቻ ላይ ከልክ በላይ ይጻፋል ተብሎ የተነሣውን ጫጫታ ይጠቅሳሉ። የተበየደ ማከማቻ በእርግጥ እንደሚያልቅ የቴስላ መኪኖችን ምስክር ያደርጋሉ። ማከማቻው ያገለገለውን መቶኛ የሚቆጥረው የጤና መለኪያ 100 በገባ ዕለት ኮምፒውተሩ ይዘጋል፤ ሳይበራ አንድ ዓመት የቆየ እንደሆነም በውስጡ ያለው ይጠፋል ይላሉ። በመጨረሻ ብየዳው አዲስ እንድንገዛ ሆን ተብሎ የተሸረበ መሆኑን ነግረውን፣ እስከዚያው ስዋፕ እንድናጠፋና የብራውዘራችንን ካሽ (በጊዜያዊነት የሚያስቀምጣቸውን ፋይሎች) ወደ ፍላሽ ዲስክ እንድናዞር ይመክራሉ። (በዚህ ምላሽ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ነጥብ መነሻው እውነት ነው። የፍላሽ ሴል መረጃን የሚይዘው ኤሌክትሮኖችን በስስ መከላከያ ሽፋን ጀርባ አጥምዶ ነው። በተጻፈና በተሰረዘ ቁጥር ሽፋኑ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይመታል፤ ጉዳቱ እየተጠራቀመ ሲሄድ ያጠመዳቸውን ኤሌክትሮኖች አጥብቆ መያዝ ይሳነዋል። በአንድ ሴል ውስጥ የሚቀመጠው ቢት በበዛ መጠንም የሚችለው ጊዜ ይቀንሳል፤ አንድ ቢት ብቻ የሚይዘው ኤስኤልሲ 100,000 ጊዜ ያህል ሲችል፣ ሦስት ቢት የሚይዘው ቲኤልሲ እንደ አሠራሩ ከ1,000 እስከ 3,000፣ አራት የሚይዘው ኪውኤልሲ ደግሞ 1,000 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም።

የምንለያየው ይህን 1,000 ወስደው ኮምፒውተሩ በቀን ለሚጽፍበት ጊዜ ሲያካፍሉት ነው። ቁጥሩ የአንድ ሴል እንጂ የመላው ማከማቻ አይደለም። በእርሳስ የሚጻፍበትን ደብተር ማሰብ ይበቃል። ሁልጊዜ አንዱ ገጽ ላይ እየጻፈ በላጲስ የሚያጠፋ ሰው ወረቀቱን በጥቂት ቀን ይቀድደዋል፤ 500 ገጽ ያለው ደብተር ይዞ፣ የትኛው ገጽ ስንት ጊዜ እንደጠፋ መዝግቦ፣ ሁልጊዜ ላጲስ ትንሽ ወደነካው ገጽ የሚሄድ ሰው ግን በዚያው ደብተር ለዓመታት ይጽፋል። በማከማቻው ውስጥ ያለው ኮንትሮለር የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። አንድን ፋይል በቀን ሺህ ጊዜ ብናስቀምጠው ፋይሉ ሺህ ጊዜ ወደ ተለያየ ቦታ ይሄዳል እንጂ አንድን ሴል ሺህ ጊዜ አይመታም።

ስሌቱን በጸሐፊው ቁጥር እንሥራው። 512 ጊጋባይት የሚይዝ ማከማቻ እያንዳንዱ ሴሉ 1,000 ጊዜ ብቻ ቢችል በጠቅላላው 512 ቴራባይት (አንዱ ቴራባይት 1,000 ጊጋባይት ነው) ይጻፍበታል። ይህ ሁሉ ግን ለተጠቃሚው አይደርስም፤ ፍላሽ የሚጻፈው ገጽ በሚባል ትንሽ ክፍል፣ የሚሰረዘው ግን ብዙ ገጾች በታቀፉበት ብሎክ ስለሆነ፣ ኮንትሮለሩ አንድን ብሎክ ለማጽዳት በውስጡ ያሉትን ደኅና ገጾች ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ አለበት፤ ስለዚህ ከታዘዘው በላይ ይጽፋል። ለዚህ ትርፍ ጽሕፈት እጃችንን ዘርግተን ሦስት እጥፍ እናስብለት። የሚቀረው 170 ቴራባይት ነው። በቀን 30 ጊጋባይት የሚጽፍ ሰው ይህን የሚጨርሰው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ጸሐፊው ከሚሉት አራት ዓመት ጋር የሚራራቅበት ምክንያት ሌላ የተደበቀ ነገር ሳይሆን ይህ የማካፈል ስሕተት ብቻ ነው። አምራቾች ራሳቸውም ከዚህ የሚርቅ ነገር አይሉም፤ ሳምሰንግ 870 ኢቮ ለተባለው 500 ጊጋባይት ማከማቻው የሰጠው ዋስትና 5 ዓመት ወይም 300 ቴራባይት፣ ቀድሞ የደረሰው፣ ነው። ዋስትና ደግሞ አምራቹ ሳይከስር ሊከፍልበት የሚደፍረው ልክ እንጂ ዕቃው የሚወድቅበት ቀን አይደለም።

ከ2013 እስከ 2015 ቴክ ሪፖርት የተባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ ከ240 እስከ 256 ጊጋባይት የሚይዙ ስድስት ማከማቻዎችን እስኪሞቱ ድረስ ያለ ዕረፍት ጽፎባቸው ነበር። ቀድሞ የወደቀው እንኳ ከ700 ቴራባይት በላይ ተሸክሟል፤ በጊዜው ሁሉም ይጠራጠረው የነበረው ባለ ቲኤልሲው ሳምሰንግ 840 ከ900 ቴራባይት አለፈ፤ የመጨረሻው 2,400 ቴራባይት ላይ ደርሶ ነው የሞተው። ይህ ፈተና በአጭር ጊዜ ውስጥ በጥድፊያ የተደረገ ስለሆነ የዓመታት እርጅናን አይለካም፤ ስድስት ዕቃም ብዙ አይደለም። ግን አንድ ማከማቻ 1,000 ጊዜ ተጽፎበት የሚሞት ቢሆን ኖሮ ውጤቱ እንዲህ አይሆንም ነበር።

የራሴንም ልጨምር። ይህን የምጽፍበት ላፕቶፕ ማከማቻው የተበየደ፣ 512 ጊጋባይት የሚይዝ ነው፤ አራት ዓመት ከሦስት ወር ሠርቼበታለሁ። ስማርትሲቲኤል የተባለውን የማከማቻን ጤና የሚያነብ ፕሮግራም ስከፍት፣ የተጻፈውን ውሂብ በሚቆጥረው መስመር ፊት 63,874,210 የሚል አሃዝ አለ። አንዱ አሃድ 512,000 ባይት ስለሆነ ሲባዛ 32.7 ቴራባይት ይሆናል፤ በቀን 21 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ያገለገለውን መቶኛ የሚናገረው መስመር 6 ይላል። በዚህ አካሄድ 100 የሚገባው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በ70 ዓመቱ ነው፤ ያን ጊዜ እኔም እርሱም የት እንደምንሆን አይታወቅም። አንድ ላፕቶፕ ማስረጃ ነው አልልም፤ አንባቢው የራሱን ቁጥር ከፍቶ ማየት እንደሚችል፣ ሒሳቡም አንድ ማባዛትና አንድ ማካፈል ብቻ እንደሆነ ለማሳየት ያህል ነው።

ታዲያ ማከማቻዎች አይሞቱም ወይ? ይሞታሉ። የሚሞቱበት ምክንያት ግን በአብዛኛው ጸሐፊው የሚቆጥሩት አይደለም። የጉግል ባለሙያዎች ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጋር ሆነው በኩባንያው የመረጃ ማዕከላት ስድስት ዓመት ያገለገሉ አሥር ዓይነት የፍላሽ ማከማቻዎችን አጥንተው በ2016 ያሳተሙት ጥናት፣ ለብልሽት ከተጻፈው መጠን ይልቅ ዕቃው ያሳለፈው ዕድሜ ይበልጥ እንደሚዛመድ፣ ውዱ ኤስኤልሲም በአንድ ሴል ሁለት ቢት ከሚይዘው ከርካሹ ኤምኤልሲ የተሻለ አስተማማኝ ሆኖ እንዳልተገኘ አሳይቷል። ጥናቱ በሁለት በኩል የተሳለ ነው፤ ፍላሽ ከሃርድ ዲስክ ባነሰ ቁጥር እንደሚቀየር ቢናገርም፣ እንደ ሞዴሉ ከ20 እስከ 63 በመቶ የሚሆኑት በአራት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሊታረም ያልቻለ ስሕተት እንዳጋጠማቸውም ይናገራል። ይህ ሁለተኛው ግኝት ለጸሐፊው ስጋት ድጋፍ ይመስላል፤ ግን ስጋቱ ስለ ፋይላችን እንጂ ስለ ሴሉ ቆጠራ እንዳይደለ ልብ ይሏል።

በ2019 ደግሞ ኤችፒ ኢንተርፕራይዝ ለደንበኞቹ ያወጣው ማስጠንቀቂያ አለ። ለሰርቨር የሚሆኑ አንዳንድ ማከማቻዎቹ በ32,768ኛው ሰዓት፣ ማለትም በርተው ሦስት ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ሲሞላቸው፣ ፈርምዌራቸው (ዕቃውን ከውስጥ የሚያሠራው ሶፍትዌር) ካልተሻሻለ በቀር ከነመረጃቸው ይሞታሉ የሚል ነበር። ቁጥሩ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የታወቀ ነው፤ ከዜሮ በታች ያለውንም ቁጥር የሚይዝ ባለ 16 ቢት ቆጣሪ ወደ ላይ የሚቆጥረው እስከ 32,767 ድረስ ብቻ ነው። እነሆ ጸሐፊው እንዳሉት በአራተኛው ዓመት የሚሞት ማከማቻ ተገኘ፤ የገደለው ግን አንድ የተሳሳተ የፈርምዌር መስመር ነው፤ ብዙ የተጻፈበትም ምንም ያልተጻፈበትም እኩል ይሞት ነበር። ደግሞም እነዚህ ተነቃይ ነበሩ።

ወደ ስዋፑ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ለእውነቱ ይቀርባሉ። 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው ኮምፒውተር በስዋፕ ብቻ በቀን 100 ጊጋባይት ቢጽፍ፣ በ1,000 ጊዜ ስሌትና በሁለት እጥፍ ትርፍ ጽሕፈት 128 ቴራባይቱን በሦስት ዓመት ተኩል ይጨርሳል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ይህ ውጤት የሚገኘው ክፉ ክፉው ግምት ሁሉ ተመርጦ ነው፤ ዛሬ በተደራራቢ ንብርብር የሚሠራው ቲኤልሲ ከ1,000 በላይ መቻሉ የተለመደ ነው፤ በየቀኑ 100 ጊጋባይት ስዋፕ የሚያደርግ ሰውም ማከማቻው ከማለቁ ከረጅም ጊዜ በፊት በኮምፒውተሩ መንቀርፈፍ ተማርሮ ያውቃል። ስለ ኤም1 የተነሣውን በተመለከተ፣ በፌብሩወሪ 2021 አንዳንድ ተጠቃሚዎች ያሳዩት የጽሕፈት መጠን በእርግጥ አስደንጋጭ ነበር፤ በሜይ ወር በወጣው የአፕል ሲስተም ማሻሻያ፣ ማክኦኤስ 11.4፣ ችግሩ እንደተቃለለም ተዘግቧል። ከሁሉ በላይ ግን ጊዜው ራሱ መልስ ሰጥቷል፤ ኤም1 ለገበያ የቀረበው በኖቬምበር 2020 ነው፤ የፌብሩወሪ 2021ዱ ትንበያ ትክክል ቢሆን ኖሮ በ2023 እና በ2024 እነዚህ ኮምፒውተሮች እንደ ቅጠል መርገፍ ነበረባቸው። ሲረግፉ አላየንም። ከዚህ የሚወጣው ምክር ሲገዛ በቂ ራም መግዛት ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

የቴስላው ታሪክ ከጽሑፉ ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ የሆነውም እውነት ነው። በ2021 መጀመሪያ ኩባንያው በአሜሪካ 135,000 ያህል ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል፤ ምክንያቱ የዳሽቦርዱ ስክሪን የሚሠራበት ኢኤምኤምሲ የተባለ ቀላል ዓይነት የተበየደ የፍላሽ ማከማቻ በጽሕፈት ብዛት አልቆ፣ የኋላ ካሜራውንና ሌላውንም ይዞ መጥፋቱ ነበር። የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ዕድሜውን 5 ወይም 6 ዓመት ገምቶታል። እንግዲህ ማለቅ የሚባል ነገር አለ። ግን ጸሐፊው የዘለሉት አንድ ቁጥር አለ፤ ያ ማከማቻ የሚይዘው 8 ጊጋባይት ነበር። መኪናው ሳያቋርጥ መዝገብ ይጽፍበታል፤ አብዛኛው ቦታ ደግሞ በሶፍትዌር የተያዘ ነው፤ በደብተሩ ምሳሌ ብንሄድ ጥቂት ገጽ ብቻ ቀርቶት ቀኑን ሙሉ የሚጻፍበት ደብተር ማለት ነው። መፍትሔ ሆኖ የተተካውም 64 ጊጋባይት የሚይዝ ነበር። 512 ጊጋባይት የ8 ጊጋባይት 64 እጥፍ ነው፤ የሁለቱን ዕድሜ በአንድ ሚዛን መለካት አይቻልም።

ከዚህ የምንማረው ግን አለ፤ ጽሑፉም ይህን ቢል ኖሮ አጨበጭብለት ነበር። ኢኤምኤምሲ የተበየደባቸው 32 ወይም 64 ጊጋባይት የሚይዙ ርካሽ ላፕቶፖች አሉ። ሲስተሙ ገና ከመነሻው ግማሹን ይይዛል፤ ማሻሻያ በመጣ ቁጥር ቦታ ፍለጋ ይተራመሳል፤ ኮንትሮለሩም ደካማ ነው። ጽሑፉን ከላኩልኝ ሦስቱ የአንደኛዋ ላፕቶፕ እንዲህ ያለው ሆኖ አገኘሁት፤ ባለ 64 ሲሆን የቀረው ክፍት ቦታ 3 ጊጋባይት ነበር። ለእርሷ «ስጋቱ አንቺን ይመለከታል፤ ፋይሎችሽን አውጪና ሌላ ፈልጊ» አልኳት። ለሁለቱ የነገርኳቸው ሌላ ነው።

መቶኛውን በሚመለከት ባጭሩ ልለፍ። ማከማቻ ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ በሚደነግገው በኤንቪኤምኢ መስፈርት መሠረት ያ ቁጥር የአምራቹ ግምት ነው፤ 100 ማለት የተገመተው ዕድሜ ተገባደደ ማለት እንጂ ዕቃው ወደቀ ማለት እንዳልሆነ መስፈርቱ ራሱ ይናገራል፤ ቆጣሪውም እስከ 255 ድረስ እንዲሄድ ተፈቅዶለታል። የሚዘጋ ነገር ቢሆን ከ100 በላይ ለምን ይቆጥራል? ለጸሐፊው የምተውላቸው ነገር ግን አለ። በዚያው በቴክ ሪፖርት ፈተና ኢንቴል 335 የተባለው ማከማቻ የተመደበለት ሲያልቅ በገዛ ራሱ ወደ ማንበብ ብቻ ዞረ፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ግን ከነጭራሹ ሳይታይ ቀረ። እንዲህ የሚዘጋ ዕቃ መኖሩን አለማንሣት ተገቢ አይሆንም።

አንድ ዓመት ሳይበራ ስለቆየ ኮምፒውተር የተባለው ያለቦታው የተጠቀሰ ደንብ ነው። ጄዴክ የተባለው የቺፕ ኢንዱስትሪ ደንብ አውጪ አካል መስፈርት ለተራ ተጠቃሚ የሚሆን ማከማቻ ጠፍቶ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ዓመት መረጃውን መያዝ አለበት ይላል፤ ይህ የሚለካው ግን የተመደበለትን ጽሕፈት በሙሉ ከጨረሰ በኋላ ነው። ማለትም የመጨረሻዋ ቀኑ ላይ የደረሰ ማከማቻ እንኳ ቢያንስ አንድ ዓመት ይያዝ የሚል ዝቅተኛ መስፈርት ነው፤ ጸሐፊው ለአዲሱ ከፍተኛ ጣሪያ አድርገው አነበቡት። በ2015 ከዚሁ አካል የተገኘ አንድ ሰንጠረዥ በተመሳሳይ መንገድ ተነብቦ ብዙ ዜና ወጥቶበት ነበር። የሆነ ሆኖ ፍላሽ የዘመናት መዝገብ ማኖሪያ አይደለም፤ በተለይ ያረጀና በሙቀት ቦታ የተቀመጠ ሲሆን፤ በዚህ አልከራከርም።

ከምክሮቹ ሁለቱ በቀጥታ ጎጂ ናቸው። ስዋፕ የጠፋበት ኮምፒውተር ራሙ ሲሞላ የሚያደርገው ፕሮግራሞችን መግደል ነው፤ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ይሄዳል። ካሹን ወደ ፍላሽ ዲስክ ማዞር ደግሞ የባሰ ነው፤ ኮንትሮለሩ ደካማ በሆነ፣ በየወደቡ በሚነቀልና በሚሰካ ዕቃ ላይ ጽሕፈቱን መጫን፣ ጠንካራውን ለማዳን ደካማውን መሠዋት ነው። ሁለቱም ተደምረው ከሚያድኑት ጥቂት ጊጋባይት ጽሕፈት የሚበልጥ ዋጋ ያስከፍላሉ።

የመጨረሻው ነጥብ ብየዳው ራሱ ነው። ሆን ተብሎ አዲስ ለማስገዛት የተደረገ ነው የሚለውን እንደ ግምት እቀበለዋለሁ፤ እንደ ተረጋገጠ ነገር ግን አልቀበለውም፤ የሰውን ሐሳብ ማረጋገጫ የለኝምና። ብየዳው የግድ አለመሆኑን ግን በሚታይ ነገር ማስረዳት ይቻላል። ማይክሮሶፍት በ2019 ባወጣው ሰርፌስ ላፕቶፕ 3 ማከማቻውን ተነቃይ አድርጎታል፤ አፕልም በ2024 ባወጣው ኤም4 ማክ ሚኒ የፍላሽ ቺፖቹን ከማዘርቦርዱ በሚነቀል ካርድ ላይ አስቀምጧቸዋል። ኮምፒውተሩን ስስ ወይም ትንሽ ለማድረግ ብየዳ የግድ ነው ከተባለ እነዚህ እንዴት ተቻሉ? በዚህ በኩል ጸሐፊው በደንብ ይሞግታሉ፤ እኔም አብሬያቸው ነኝ።

የሚያስቆጨኝ፣ ለዚህ ሙግት ከሁሉ የሚበልጠውን ማስረጃ ሳያነሡት መቅረታቸው ነው። የአፕል ቺፕ ያለው ማክ ከውጭ ዲስክ እንኳ ሲነሣ፣ የመነሻው ሒደት በከፊል የሚገኘውና የደኅንነት ፖሊሲው የሚቀመጠው በውስጠኛው ማከማቻ ላይ ነው፤ ውስጠኛው ከሞተ ውጫዊውን መሰካት አያድነውም፤ ስክሪኑ፣ ባትሪው፣ ፕሮሰሰሩ ሁሉ ደኅና ሆነው ኮምፒውተሩ ይቀመጣል። በላዩም መረጃው የተመሰጠረበት ቁልፍ ከዚያው ፕሮሰሰር ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ባለሙያ ቺፑን ነቅሎ በሌላ መሣሪያ ቢያነበው የሚያገኘው ትርጉም የሌለው ቢት ነው። ይህ እንግዲህ ሴሉ 1,000 ጊዜ ይቻል 100,000 ጊዜ የማይለወጥ ጉዳት ነው፤ በፈርምዌር ስሕተትም፣ በማዘርቦርድ መቃጠልም፣ ውሃ በመግባትም ይደርሳል፤ መጠባበቂያ ቅጂ ካላስቀመጡ በቀር ፋይሉን የሚመልስ የለም። ለሁለቱ ጓደኞቼም የነገርኳቸው ላፕቶፓቸውን እንዳይሸጡና በዚያው ምሽት ባክአፕ እንዲያደርጉ ነው፤ አንደኛው እስከ ዛሬ አላደረገም።

ጸሐፊው ስለ ሴሎቹ ያሰሉትን የአራት ዓመት ስሌት አርመው፣ በምትኩ ይህን የመነሻና የምስጠራ ጉዳይ ቢያስገቡ፣ ስዋፕና ካሹን የሚመለከቱትን ሁለቱን ምክሮችም ቢያወጡ፣ ጽሑፋቸውን እኔም ለሰው እልካለሁ።